የቸርኬ ምድጃ

ሰባቱ የጭነት መኪኖች ከጅቡቲ ወደብ ወጥተው የባልባላን ዳገት እያጓሩ ሲወጡ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ቀኑ ግንቦት ሃያ ሁለት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ ሁለት፣ ያ የበሽታው ዓመት ነው። እያንዳንዱ መኪና ከነተሳቢው አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ጭኗል። በሌላ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሹፌር እጃቸውን የሚያውለበልቡት የመንገድ ዳር ሰዎች ያን ቀን ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። በሽታውን ከአገር አገር የሚያዞሩት ሹፌሮች ናቸው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር።

ስድስተኛዋን መኪና የምትነዳው ፅዮናዊት ነበረች። ዕድሜዋ ሰላሳ አንድ ነው፤ ከሰባቱ ሹፌሮች ሴት እሷ ብቻ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አይሱዙ ስትነዳ ኖራ በተሳቢ ጅቡቲ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ሲሰጣት "አንድ ጉዞ ልሞክርሽ፤ በሰላምና በሰዓቱ ከገባሽ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሏታል። ማዳበሪያው የሚራገፈው ደብረ ማርቆስ ነው። የዘር ወቅት ደርሶ በየቀበሌው ማዳበሪያ ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዷ የፅዮናዊት እናት ናቸው። ስለዚህ መሪውን የያዘችው እንደ ሌላው ሹፌር በሁለት እጅ ብቻ አልነበረም፤ በሐሳቧም ጭምር ነበር።

መኪኖቹ ሃያብለ ከሚባለው ሰፈር በላይ ወዳለ የድሮ ድንጋይ መፍጫ ግቢ ገቡ። ግቢው በአጥር የታጠረ ባዶ ሜዳ ነው። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ሁለት ሽንት ቤት፣ አንድ የብረት በር አለው። በሩን ረምዚ የሚባል ዘበኛ ይጠብቃል። ረምዚ የጅቡቲ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የለመደው ከሹፌሮች ስለሆነ ሰላምታውና ስድቡ እኩል ይቀናዋል። ሰባቱ መኪኖች ከገቡ በኋላ በሩን ዘግቶ ሰንሰለት አሰረበት።

የኮንቮዩ አለቃ ጀንበሬ ሹፌሮቹን ሰበሰበ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ወታደር ቤት የቆየ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው።

"ናሙናችንን ወደብ ላይ ሰጥተናል" አለ ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ። "ውጤቱ በሦስት ቀን ይመጣል። የጤና ወረቀት የያዘ የጋላፊን የድንበር ኬላ ያልፋል፤ ያልያዘ አያልፍም። እስከዚያ ከዚህ በር የሚወጣ የለም፤ የሚገባም የለም።"

"ምግብስ?" አለ አንዱ።

"የያዝነውን እንበላለን።"

"ቡናስ?" አለ ፀጋው።

ፀጋው ከሹፌሮቹ ሁሉ ወጣቱና ተናጋሪው ነው። ጥያቄውን የጠየቀው ለቀልድ አልነበረም። በደኅናው ዘመን መኪና ማቆሚያው ዙሪያ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ነበሩ፤ ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ ፊቱን ሳይታጠብ ስኒ ይይዛል። ያን ሰሞን ሴቶቹ ሁሉ እንዲነሱ ተደርገዋል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ስጋት፣ ያለ ቡና ሦስት ቀን መቀመጥ ለሹፌር ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ፅዮናዊት ከተሳቢዋ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የጎማ ነፋስ ስትለካ ፀጋው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና በፌስታል ይዞ መጣና እግሯ ሥር አስቀመጠው።

"በይ እንግዲህ እቱ" አለ፤ "እኛ እንጨት እንሰበስባለን።"

ፅዮናዊት ፌስታሉን አየችው፤ እሱንም አየችው።

"የአንተ መኪና ስንተኛዋ ናት?"

"አራተኛዋ።"

"የእኔስ?"

"ስድስተኛዋ። ምን ለማለት ነው?"

"እኔም እንዳንተ ሹፌር ነኝ ለማለት ነው። ትናንት እንዳንተው ሌሊቱን ነድቼ፣ ጭኜ፣ ሸራ አስሬ ነው የመጣሁት። ቡና የሚያፈላ ሰው ከፈለግክ እጅ አለህ።"

ሁለት ሦስት ሹፌሮች ሳቁ። ፀጋው ፊቱ ቀላ፤ ፌስታሉን አንስቶ ሄደ። ተናዶ ስለነበር ሥራውን ራሱ ጀመረው። ሦስት ድንጋይ ጎልቶ፣ ከጭነት ማሰሪያ የተረፈ ጣውላ ሰባብሮ፣ ናፍጣ አርከፍክፎ አነደደ። እሳቱ በነፋሱ ወዲህና ወዲያ እየተጋደመ ምጣዱን በአንድ ወገን ብቻ ገረፈው። ቡናው ግማሹ ከሰለ፣ ግማሹ ጥሬ ቀረ። በድንጋይ ቀጥቅጦ፣ በቧንቧው ውሃ አፍልቶ፣ በፕላስቲክ ብርጭቆ አደለ። መጀመሪያ የጠጣው ጀንበሬ አፉ ውስጥ ጥቂት አቆየው፤ ከዚያ ዞር ብሎ ተፋው።

"ጨው ነው። ናፍጣም ይላል" አለ።

ሌሎቹም ተፉ። ፀጋው ማንቆርቆሪያውን በእርግጫ ሊመታው ሲል ከፊተኛው መኪና ጎን አንድ ድምፅ ተሰማ።

"ተወው አቦ! ዕቃው ምን አደረገህ?"

የተናገሩት ጋሽ አብዱልፈታሕ ነበሩ። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፤ ሠላሳ አራቱን ዓመት በዚህ መንገድ ላይ አሳልፈውታል። ሁልጊዜ ሽርጥ ያገለድማሉ፤ መሪ ሲይዙ ብቻ ሱሪ ይለብሳሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከማንም ጋር ብዙ አልተነጋገሩም ነበር። ከመኪናቸው ዕቃ ሳጥን ውስጥ ዝገት የበላው አሮጌ ቸርኬ አንከባለው አወጡ። ጎማ የሚታሰርበት ብረት ነው፤ ጎኑ ላይ በብየዳ የተቀደደ መዳፍ የምታህል በር አለው።

"በረሃ ላይ ምድጃዬ ይህ ነው" አሉ።

ፅዮናዊት የነፋስ መለኪያውን አስቀምጣ መጣች። ሌሎቹም በተነገራቸው መሠረት ሁለት ሁለት ሜትር እየተራራቁ ቆሙ።

ሽማግሌው ቸርኬውን ከመኪኖቹና ከነዳጅ ታንኮቻቸው አርቀው አጥሩ ጥግ አደረጉት። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አዩና የምድጃውን በር ነፋሱ ወዳለበት ሳይሆን ወደ ጎን አዞሩት። ከሥሩ ሁለት ድንጋይ አስገቡ፤ አየር እንዲገባ። ከሰል ጨመሩ።

"ውሃውስ?" አለች ፅዮናዊት። "የቧንቧው ጨው ነው።"

"ብልህ ልጅ ነሽ፤ ከውሃው ጀመርሽ። የዚህ ግቢ ውሃ ለገላ ነው። ወሪያ ረምዚ!" ብለው ወደ በሩ ተጣሩ። "ጣፋጭ ውሃ ከየት ይገኛል?"

"ቦቴው ጠዋት ጠዋት ከታች ሰፈር ይመጣል አባ" አለ ረምዚ። "ሁለት ጀሪካን አመጣለሁ። ግን በሩ ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ፤ ከእናንተ ጋር አልነካካም።"

"ሽሽ ልጄ። ውሃው ይምጣ እንጂ።"

ውሃው መጣ። ጋሽ አብዱልፈታሕ ከሰሉ ነበልባሉን ጨርሶ አመድ እስኪለብስ ጠበቁ። ፀጋው ትዕግሥቱ አልቆ "አሁን ይጣድ እንጂ!" ሲል "ቸኩለህ የትም አትሄድ፤ በሩ ተቆልፏል" አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቡናውን በጥቂት በጥቂቱ ቆሉት። ምጣዱን አንድም ጊዜ ዝም ብለው አላስቀመጡትም። ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ወደ ጭሱ ያስጠጉ ነበር። ቡናው ተንጣጣ፤ ቀለሙ የበሰለ ተምር መሰለ፤ ሌላው ሰው ገና ሳያስብ እሳቸው አንዳች ነገር ሸቷቸው ምጣዱን ከእሳቱ ነጠቁት።

"ጊዜውን የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነው" አሉ። "ዓይን ይሳሳታል፤ በተለይ በዚህ ፀሐይ።"

በተቆረጠ የብረት ቱቦ ውስጥ አድርገው መኪና በሚያነሳው የክሪክ ዘንግ ወቀጡት፤ ዱቄት እስኪሆን ግን አላደረሱትም። ውሃው ዳር ዳሩን ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ አወረዱት፤ ቡናውን ጨመሩ፤ መልሰው ጣዱት። ሲነሳ አወረዱ፤ ሲሰክን ጣዱ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረጉ። በመጨረሻ ግማሽ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመሩበትና ማንቆርቆሪያውን አሸዋው ላይ አስቀመጡት።

"አሁን ማንም እንዳይነካው። አተላው ይውረድ።"

ያን ጠዋት ሰባት ሰው እየተራራቀ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ስኒ፣ ቡና ጠጣ። ጀንበሬ ሁለተኛ ለመነ። የቤቱን ነገር ተናግሮ የማያውቀው ሰው ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራ። ፅዮናዊት ስኒዋን አጥባ ከመለሰች በኋላ ሽማግሌው ጋ ቆየች።

"ጋሼ፣ ያስተምሩኝ።"

"ጠዋት ለልጁ እምቢ ስትዪው ሰምቼ ነበር።"

"እሱ አዘዘኝ። እኔ አሁን የምጠይቅዎት ወድጄ ነው። ወደፊትም በረሃ ላይ ማደሬ አይቀርም፤ ለራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ጋሽ አብዱልፈታሕ ፈገግ አሉ። "ነገ ጠዋት ነይ" አሏት።

በማግስቱ አስተማሯት። በሦስተኛውም ቀን፣ ማለትም ወረቀቱ በሚመጣበት ጠዋት፣ ፅዮናዊት ከጋቢናዋ ስትወርድ እሳቸው ቀድመው ምጣዱን ጥደው ነበር። መሬት ከመርገጧ በፊት የእሳት አደጋ ይመስል የሚያንቅ ሽታ መጣባት። ሮጠች። ጥቁር ጭስ ሽማግሌው ፊት ላይ በቀጥታ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫቸውን ወደ ጭሱ አስጠግተው፣ ረጋ ብለው ያማስላሉ።

"ጋሼ! አረረ እኮ!"

ዓይናቸውን ገለጡ። ምጣዱ ውስጥ ያለው የከሰል ፍርፋሪ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ለአፍታ አዩት።

"አይሸትዎትም?" አለች ፅዮናዊት።

ሽማግሌው ምጣዱን አውርደው አጠገባቸው ያለውን የናፍጣ ጀሪካን ከፈቱና አፍንጫቸውን አፉ ላይ ደቅነው በረጅሙ ሳቡ። ክዳኑን መልሰው አጠበቁት።

"ትናንት ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ምንም አልሸተተኝም" አሉ ዝግ ብለው። "ጉንፋን ነው ብዬ ተኛሁ። ሰውነቴን ቁርጥማት ቢጤ ይሰማኛል፤ ትኩሳት ግን የለኝም።"

ፅዮናዊት ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ በማድረጓም አፈረች። ሽታ መጥፋት የዚያ በሽታ ምልክት እንደሆነ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አሉ ጋሽ አብዱልፈታሕ። "ናሙናው የተወሰደው ጤነኛ ሳለሁ ነው። ወረቀቱ ነጻ ነው ብሎ ይመጣል። ጭምብሌን ሳላወልቅ ነድቼ፣ ማርቆስ አራግፌ፣ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።"

"እስከ ማርቆስ ስንት ቦታ ይቆማሉ?"

"ዲኪል እቆማለሁ…" አሉና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "ጋላፊ ኬላው አለ። ሚሌ ጎማ የሚሠራልኝ ልጅ አለ። አዋሽ ሠላሳ ዓመት ቤቷ ያደርኩባት ሴትዮ አለች…" አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ተዉት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉ።

"አንቺ ልጅ ነሽ" አሉ። "እዚህ ብሞት ማን ያጥበኛል? ሱሪያ የምትባለው ልጄ ድሬዳዋ ናት። በሰው አገር፣ ሬሳ በሚፈራበት ጊዜ፣ ፊቴን ማን ያየኛል?"

የፅዮናዊት አባት የሞቱት እሷ መንገድ ላይ ሳለች ነው። ሽማግሌውን አቅፋ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ማቀፍ ደግሞ በዚያ ዓመት ክልክል ነው።

"እኔ ለማንም አልናገርም" አለች በመጨረሻ። "መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ሳይናገሩ እኔ ሞተር አላስነሳም። ይህን ከአሁኑ ይወቁት።"

አራት ሰዓት ላይ የጤና መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከውስጡ ማይሙና ወረደች። ነርስ ናት፤ እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆኑ አማርኛዋ ከሹፌሮቹ አይለይም፤ ፈረንሳይኛ ግን ጣል ጣል ታደርግበታለች። በስም እየጠራች ወረቀት አደለች። ሰባቱም ነጻ ናቸው። ፀጋው ወረቀቱን ስሞ ኪሱ ከተተ። "ቦን ሩት!" አለች ማይሙና፤ መልካም መንገድ።

ሹፌሮቹ ወደ ጋቢናቸው ሮጡ። ሞተሮች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ግቢው ተንቀጠቀጠ። ረምዚ ሰንሰለቱን ፈታ። ፊተኛዋ የጋሽ አብዱልፈታሕ መኪና ናት፤ እሳቸውም ሱሪያቸውን ለብሰው መሪውን ይዘዋል። የስድስተኛዋ መኪና ሞተር ብቻ ዝም ብሏል። ፅዮናዊት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ትመለከታለች። የመኪናው ባለቤት ቃል፣ የእናቷ ማሳ፣ አምስት ዓመት ሙሉ አይሱዙ ላይ የለመነችው ዕድል፣ ሁሉም በዚያች ባልዞረች ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጀንበሬ መጥቶ በሯን ደበደበ።

"ምን ሆነሻል? አስነሺ እንጂ!"

"አላስነሳም አለቃ።"

"ባትሪ ነው?"

"ባትሪ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አምስት ደቂቃ ስጠኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ።"

ጀንበሬ በንዴት አያት። በዚያው ቅጽበት የፊተኛዋ መኪና ሞተር ጠፋ። ጋሽ አብዱልፈታሕ በጎን መስታወታቸው ወደ ኋላ ሲያዩ ቆይተው ነበር። የጋቢናቸውን በር ከፈቱ፤ እርከኑን እየያዙ ወረዱ። ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ወደ ማይሙና ሄዱና አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ድንጋይ ጫኑበት።

"ልጄ" አሉ፤ "ይህ ወረቀት ከሦስት ቀን በፊት የነበረውን አብዱልፈታሕ ነው የሚያውቀው። ከትናንት ጀምሮ አይሸተኝም። ዛሬ ጠዋት ቡና አሳርሬ አላወቅሁም።"

ማይሙና የመኪናውን በር ልትከፍት የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጓንቷን አጠበቀችና ሞተር ሁሉ እንዲጠፋ በእጇ ምልክት ሰጠች።

ግቢው ጸጥ ሲል መጀመሪያ የተናገረው ፀጋው ነው።

"አንድ ሰው ስላልሸተተው ሰባት መኪና ይቆማል? ወረቀት አለን እኮ! ገበሬው ማዳበሪያ እየጠበቀ ነው!" ዞር ሲል ፅዮናዊትን አያት። "አንቺ ታውቂ ነበር! አንቺ ነሽ ያደረግሽው!"

"አውቅ ነበር" አለች ፅዮናዊት ከጋቢናዋ እየወረደች። "የተናገሩት ግን እሳቸው ናቸው።"

ማይሙና በመካከል ገባች። "ስማኝ ወንድሜ። በዚህ ሁለት ወር ስንት ሰው ትኩሳቱን በመድኃኒት አጥፍቶ እንዳለፈኝ አላህ ነው የሚያውቀው። በራሱ እግር መጥቶ የነገረኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። እሳቸውን አምቡላንስ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እናንተ እንደገና ትመረመራላችሁ። ዳኮር፣ ተስማማን? ሌላ ንግግር የለም።"

አምቡላንሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ጋሽ አብዱልፈታሕ አጥሩ ጥግ ከሰው ሁሉ ሃያ እርምጃ ርቀው፣ ጨርቃቸውን በአንዲት ቦርሳ ሸክፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንም አይጠጋቸውም። ፀሐዩ ከብዷል። ፅዮናዊት ብቻቸውን እንዲያ ተቀምጠው ማየት አልቻለችም።

"ጋሼ!" አለች ከሩቅ። "ፍሙ አልጠፋም። የዛሬውን እኔ ላፍላ?"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ጨው ውሃ እንዳታስገቢ!"

ምጣዱንና ዕቃውን ሁሉ በሳሙና ደጋግማ አጠበች፤ ማይሙና የሰጠቻትን ፈሳሽ እጇ ላይ አፈሰሰች። ጥሬውን ቡና ስትቆላ እሳቸው ከሃያ እርምጃ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይከታተሏት ነበር።

"አታቁሚው! አንቀሳቅሺው! ጭሱ ነጭ ነው?"

"ነጭ ነው!"

"ድምፁን ስሚልኝ! እኔ ከዚህ አይሰማኝም!"

"ጀመረ! ተንጣጣ!"

"ጠብቂ። አሁን አፍንጫሽን ተጠቀሚ። የተቆላ ገብስ የሚመስል ሽታ አለ፤ እሱ ያልፋል። ከዚያ የሚጣፍጥ ይመጣል። እሱ ሲመጣ አውርጂ፤ እኔን አትጠይቂኝ!"

ፅዮናዊት ዓይኗን ጨፈነች። የገብሱ ሽታ መጣ፤ አለፈ። ከኋላው ሌላ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ሽታ ሲነሳ ማንንም ሳትጠይቅ ምጣዱን አወረደች። እጇ ላይ ቃጠሎ ደርሶባት ነበር፤ ያወቀችው በኋላ ነው።

ወቀጠች፤ አፈላች፤ ሦስት ጊዜ አነሳች፤ አሰከነች። የመጀመሪያውን ስኒ ይዛ አሥር እርምጃ ሄደች፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ጋሽ አብዱልፈታሕ መጥተው ወሰዱ። ጭምብላቸውን አውርደው ፉት አሉ። ሁሉም ያያቸዋል።

"ምን ይላል?" አለ ጀንበሬ።

"ለእኔ ሙቅ ውሃ ነው" አሉ ሽማግሌው። "እስቲ እናንተ ንገሩኝ።"

ጀንበሬ ቀመሰ። "የእርስዎ ነው" አለ። "ልክ የእርስዎ።"

ጋሽ አብዱልፈታሕ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስኒውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ፀጋው መኪናው እርከን ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ፅዮናዊት አንድ ስኒ ወስዳ ከእሱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችና ሄደች። ዘወር ብላ ስታይ ስኒው ባዶ ነበር።

አምቡላንሱ መጣ። ነጭ የለበሱት ሰዎች ሽማግሌውን ሲያሳፍሯቸው ስድስቱ ሹፌሮች ባሉበት ተነሥተው ቆሙ። ማይሙና "ፊታቸውን እኔ አያለሁ፤ እናቴ እኮ የአገራቸው ልጅ ናት" አለች ወደ ፅዮናዊት ዞራ። ጠዋት የተባለውን አልሰማችም፤ ግን ያንኑ ተናገረች። ፅዮናዊት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ከሰዓት በኋላ የመኪናው ባለቤት ደወለ። የተፈጠረውን ስትነግረው ጮኸ። "ያልኩት አልቀረም! ሌላ ሹፌር እልካለሁ፤ ቁልፉን ትሰጪዋለሽ!" አላት። ጀንበሬ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላት።

"አለቃው ነኝ" አለ። "ይላኩ፤ ግን የሚልኩት ሰው እዚህ ሲገባ ሁለት ሳምንት ይዘጋበታል። ይህቺ ልጅ እዚሁ አለች። ደግሞም እንደ እሷ ያለ ሹፌር ካልፈለጉ ይንገሩኝ፤ የሚፈልግ አውቃለሁ።" መልሱን ሳይጠብቅ ስልኩን ዘጋው።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤት ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። አምስቱ ነጻ ሆኑ። ስድስተኛው፣ ፀጋው፣ በሽታው ተገኘበት። አላሳለውም፣ አልተኮሰውም፤ ቡናም ይሸተዋል። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ አምቡላንሱን ሲጠብቅ ፅዮናዊትን ጠራት።

"ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው" አለ። "ከመንገድ ስገባ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አንገቴ ላይ ነው የምትጠመጠመው፤ ልብሴን እንኳ አታስቀይረኝም።" ብርድ ልብሱን እንደገና ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለ። "ያን ቀን ብንሄድ ኖሮ…" ብሎ ተወው።

"አልሄድንም" አለች ፅዮናዊት። "አይዞህ። ታቅፋታለህ።"

የቀሩት አምስቱ ሌላ ሳምንት ቆዩ። በየጠዋቱ ፅዮናዊት ከሰል ታቀጣጥላለች፤ ጀንበሬ ይወቅጣል፤ ረምዚ ውሃውን በር ላይ አስቀምጦ መሸሹን ትቶ አጥሩ ሥር ቆሞ ስኒውን ይጠብቃል። ሁለት ሹፌሮች የመቆያ ጊዜያቸውን ከሌላ ግቢ ጨርሰው መጥተው ያለ ሹፌር የቀሩትን መኪኖች ተረከቡ፤ የፅዮናዊትን ቁልፍ የሚረከብ ግን አልመጣም። ፅዮናዊት እናቷ ጋ ስትደውል ከወዲያ ያለው ድምፅ የተረጋጋ ነበር። "ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየብን" አሏት፤ "ማሳው ገና ሁለተኛ እርሻ ላይ ነው። አንቺ ደኅና ሁኚልኝ እንጂ ማዳበሪያው ይደርሳል።"

ሰኔ አምስት ቀን ጠዋት ማይሙና ሰባት ወረቀት ይዛ መጣች። ከሁሉ በፊት ግን ስልኳን አውጥታ ለፅዮናዊት ሰጠቻት።

"አንቺ ልጅ!" አለ የጋሽ አብዱልፈታሕ ድምፅ። እንደ ድሮው አይጮህም፤ ሳል ያቋርጠዋል። "አራት ቀን በጣም አሞኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ከፀጋው ጋር አልጋችን ጎን ለጎን ነው፤ ወሬው አላስተኛ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ያስወጡናል ብለዋል።"

"አልሐምዱሊላህ ጋሼ!"

"አልሐምዱሊላህ። መኪናዬን ማን ያዛት?"

"አልአዛር የሚባል ልጅ ነው። ጥሩ ሹፌር ይመስላል።"

"በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ እንዳያስጨንቃት ንገሪው። ታስነጥሳለች።"

ፅዮናዊት ሳቀች። ስልኩን መልሳ ወረቀቷን ተቀበለች። መኪኖቹ ሲሰለፉ ጀንበሬ በእግሩ እየሄደ የእያንዳንዱን ጭነት ማሰሪያ በእጁ ፈተሸና ስድስተኛዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ከሰልፉ ውጪ" አላት።

"ለምን?"

"ከፊት ሁኚ። እስከ ጋላፊ አንቺ ምሪን።"

ፅዮናዊት ሞተሯን አስነሳች፤ ከሰልፉ ወጥታ በአምስቱ መኪኖች ጎን ቀስ ብላ አለፈችና ከሁሉም ፊት ገባች። ረምዚ ሰንሰለቱን ፈታ፤ የብረቱን በር በሁለት እጁ ገፍቶ እስከ ጥጉ ከፈተው። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ባዶ ነበር። ነፋሱም ገና አልተነሣም። ፍሬኑን ለቀቀች፤ አራት መቶው ኩንታል ከኋላዋ ተከትሏት ወጣ።